ቁንጥር ጨውና የሕፃን ልቡና

ሰው ከአፈር መፈጠሩን የሚያምን ሕዝብ፥ የአፈርን ፍሬ በልቶ መኖሩን ሲሰማ አይደነቅም። ነገር ግን አፈሩ ራሱ አንድ ነገር የጎደለው እንደ ሆነ፥ ከእርሱ የበቀለው እህልም ያንኑ እንደሚጎድለው፥ እህሉን የበላውም ሕፃን ሆዱ ሞልቶ ሳለ አእምሮው ሊራብ እንደሚችል ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነው። ረኃብ በተባለ ጊዜ ሁሉም ወዲያው የሚያስበው ባዶ ሌማትን ነውና፥ በሙሉ ሌማት ላይ ያለውን ረኃብ ለማየት ዓይኑ አልለመደም።

የቴፒ አገር ለዚህ ነገር ምስክር ሊሆን ይችላል። በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ በጅማና በቦንጋ በሚዛን ተፈሪም አልፎ የሚደረስባት፥ ዝናም የማይለያት ሞቃት አገር ናት። በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል፤ ቁንዶ በርበሬው ግንድ ተደግፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ እርድና ዝንጅብል፥ ኮረሪማና ሙዝ፥ ማንጎና ፓፓያ በየጓሮው ይታያል። ሸኮውና ማጃንጉ፥ ሸከቾውና ቤንቹ፥ ከፊቾውም፥ በንግድና በሠፈራ ከሰሜን የመጣውም ሰው በአንድ ገበያ ይገናኛል። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌላውም ስፍራ ወደ ደቡብ ምዕራቡ አገር ተወስደው የሠፈሩ ሰዎች ይህን ልምላሜ ባዩ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። ጎደሬ ከጓሮ ተቈፍሮ ሲቀቀል ቤተ ሰብን ሁሉ ያጠግባል፤ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮን እንደሚያሳክክ እንግዳው አንድ ቀን ተምሮ ሁለተኛ አይረሳውም እንጂ፥ ሌላ ነውር የለበትም። ከፍ ወዳለው ወደ ማሻ በኩል የሄደ እንደ ሆነም ቆጮው አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ሕፃን ጾሙን አድሮ ትምህርት ቤት የሚሄደው እንደ ሌላው አገር ብዙ ጊዜ አይደለም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሆኖም በዚያው አገር መምህራን ዘንድ፥ በሌላውም የኢትዮጵያ አውራጃ እንደሚሰማው ሁሉ፥ አንድ የታወቀ ፍርድ አለ። ሕፃኑ ሥነ ሥርዓት አለው፤ አይቀርም፤ አይረብሽም፤ ነገር ግን ትናንት የተማረውን ዛሬ ሲጠይቁት ዝም ይላል። መምህሩ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ይታገሣል፤ በአራተኛው «ይህ ልጅ ልቡናው የተደፈነ ነው» ይላል። አባትም ከመምህሩ ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ልጁም ከፊደል ገበታ ወደ ቡና ለቀማ ይሄዳል። ፍርዱ ጭካኔ ያለበት አይመስልም፤ እንዲያውም የእግዚአብሔርን ሥራ መቀበል ይመስላል፤ ለአንዱ አምስት መክሊት ለአንዱ አንድ ተሰጥቷልና። ግን ለዚያ ሕፃን የተሰጠው አምስት ሆኖ ሳለ፥ አራቱን በመንገድ ላይ የቀማው ሌላ ነገር እንደ ሆነስ? ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ መምህር፥ ሌባውን ሳይፈልግ በተዘረፈው ሰው ላይ የሚፈርድ ዳኛ ይመስላል።

ልቡናን የሚከፍት ነገር መፈለግ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ የአብሾን ወሬ ያውቃል። ዜማው ቅኔው እንዲገባው ሲል መራራ ቅጠል ጠጥቶ የተሳካለት ተማሪ ታሪክ ይነገራል፤ ጠጥቶ ያበደውም ታሪክ በዝቅ ያለ ድምፅ ይነገራል። ቆሎ እየቆረጠመ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ ቁራሽ የሚለምን ልጅ በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በቃሉ ይዞ ስለሚማር፥ የማስታወስ ኃይል ለእርሱ ከወርቅ ይበልጥ ነበር፤ ይህን ኃይል ለማግኘት መርዝ እስከ መጠጣት መድፈሩም ስለዚህ ነው። እንዲህ በዱርና በገደል ሲፈለግ የኖረው የልቡና መድኃኒት አንዱ ክፍል ግን በእናቱ ማድ ቤት፥ በጨው ዕቃ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰው አንገት ፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች፥ የቢራቢሮ ክንፍ የምትመስል አንዲት ዕጢ አለች፤ ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል። ይህች ዕጢ ከደም ውስጥ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እየሳበች፥ ሥጋን የሚያሞቅና የሚያሳድግ፥ አንጎልንም የሚሠራ ቅመም ታዘጋጃለች። አዮዲኑ ሲያጥርባት ሥራዋን ልትፈጽም ስትታገል እየተለቀች ትሄዳለች፤ እንቅርት የሚባለው ይኸው ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያሻው አዮዲን ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ 150 ብቻ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ተማሪ 120 ይበቃዋል፤ ለነፍሰ ጡር ግን 250 ያስፈልጋታል። ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው ተጠራቅሞ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ነገር ግን ሥጋ ለረጅም ጊዜ የሚበቃውን ሊያከማች ስለማይችል፥ ያ ጥቂት ነገር ዘወትር መምጣት አለበት።

እንቅርቱ የሚታይ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ክፋቱን በእርሱ ለክቶታል። እውነተኛው ጉዳት ግን የማይታየው ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ዕጢ ሥራ ስላልጀመረች፥ አንጎሉ የሚሠራበትን ቅመም የሚቀበለው ከእናቱ ነው። እናቲቱ አዮዲን ያነሳት እንደ ሆነ ለራስዋም ለልጅዋም አይበቃትም። እጥረቱ እጅግ የበረታ ሲሆን ልጁ ደንቆሮና ዲዳ፥ ቁመተ አጭር፥ አእምሮውም የማያድግ ሆኖ ይወለዳል፤ ይህ ጥቂት ነው፤ ያየውም ሁሉ ያዝንለታል። እጥረቱ ለዘብ ያለ ሲሆን ግን ልጁ ደኅና ሆኖ ይወለዳል፤ ይስቃል፤ ይሮጣል፤ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ፊደል ገበታ ፊት ሲቀመጥ ብቻ ከእነርሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚህኛው የሚያዝንለት የለም፤ የሚቆጣው ነው እንጂ። አንዳንዴ የአንዱ ልጅ ወደ ኋላ መቅረት ከጎረቤቱ ጋራ ሲነጻጸር ይታይ ይሆናል፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ በአንድነት አንድ እርምጃ የቀረ እንደ ሆነ ግን ማን ከማን ጋራ አነጻጽሮ ያውቀዋል?

አዮዲን በብዛት የሚገኘው በባሕር ነው። ከፍ ካለ አገር አፈር ውስጥ ያለውን ጥቂቱን ደግሞ ዝናምና ጎርፍ እየጠረገ ወደ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ ባሕር ይመልሰዋል። እንግዲህ የደቡብ ምዕራቡ አገር ዝናም፥ ደኑን የሚያለመልመውና ቡናውን የሚያሳብበው ያው ዝናም፥ ከአፈሩ ይህን ጨው መሰል ነገር አጥቦ ሲወስድ የኖረ ነው። ጎደሬውም ቆጮውም በቆሎውም አፈሩ ያልሰጣቸውን ሊሰጡ አይችሉም። ካሳቫ የሚበላበት ስፍራ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ በውስጡ ያለው መርዝ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትስብ ይከለክላታልና። የባሕር ዓሣ በዚያ አገር የለም፤ ወተቱም በየቤቱ አይገኝም።

ይህ የቴፒ ብቻ ችግር ነው ማለት ግን አይደለም። አማርኛ የሚናገር ሁሉ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲል አድጓል፤ ተረቱ የተፈጠረው እንቅርት እንደ ጉንፋን በሚታወቅበት ደጋ ላይ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻውም። የሴቶች አንገት ንቅሳትም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን በብዙ ስፍራ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ የሚደረግ ነበር። በአገሪቱ በሙሉ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የታተመ ምርመራ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶው 40 የሚያህሉት እንቅርት እንዳለባቸው አመለከተ። ቴፒ በዚያን ጊዜ የነበረችበት የደቡብ ክልል ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች ተይዘው የተገኙበት ስለ ሆነ፥ ከሁሉ የባሰው ነበር። አንባቢ ይህን ቍጥር ሲያነብ ስለ አንገት ብቻ የተነገረ አድርጎ እንዳያልፈው ያስፈልጋል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የተነገረ ነው።

ከብት ጠባቂው ከሰው ይልቅ ብልህ ሆኖ የኖረበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ላሚቱ ስትከሳና ወተትዋ ሲቀንስ እረኛው ወደ ሆራ ይነዳታል፤ እንስሳ ሣር ብቻ በልቶ እንደማይበቃው፥ ከምድር የሚወጣ ማዕድን እንደሚያሻው ከአባቱ ተምሯል። ያው እረኛ ስለ ልጁ ሲጠየቅ ግን «ይበላል፤ ምን ጎደለው» ይላል።

የተራራ አገር ሁሉ ይህን ዕዳ ከፍሏል። ከባሕር የራቀችው ስዊስ ለብዙ ዘመን እንቅርትና የአእምሮ ድካም የበዛባት አገር ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 በዚያች አገር በጨው ውስጥ ጥቂት አዮዲን መጨመር ተጀመረ፤ በ1924 ደግሞ በአሜሪካ በሚሺጋን እንዲሁ ተደረገ። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ጥበብ ያለበት ነው። ስንዴ ሁሉ ሰው አይበላም፤ ዘይት ሁሉ ሰው አይገዛም፤ ጨው ግን ባለጠጋም ድኻም፥ ከተሜም ባላገርም ይገዛል፤ ባለጠጋውም ከድኻው ይልቅ እጥፍ አድርጎ አይበላውም። ስለዚህ በጨው የተላከ መድኃኒት ለሁሉ በእኩል ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ መልእክተኛ በሌላ ምግብ አይገኝም። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በስንዴ ዱቄትና በምግብ ዘይት ቪታሚንና ማዕድን እንዲጨመር ግዴታ ሆኗል፤ ደግ ሥራ ነው፤ ግን የፋብሪካ ዱቄት ለማይገዛው፥ ጎደሬውን ከጓሮው ቈፍሮ ለሚበላው ሰው ዱቄቱ ምን ያደርስለታል? ያ ሰው ከገበያ የሚገዛው የምግብ ነገር ቢኖር ጨው ነው።

የጨው መንገድ ወደዚህ አገር ጥንታዊ ነው። ከአፋር በረሃ ተፈልጦ በግመል የወጣው አሞሌ እጅ በእጅ እየተቀባበለ እስከ ከፋ እስከ ቦንጋ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ገንዘብም ምግብም ስለ ነበረ ያለው ይልሰዋል፥ የጨነቀው ይሸጠዋል። ይሁን እንጂ ከዓለት የተፈለጠ ጨው አዮዲን አለው የሚያሰኝ አይደለምና፥ ያን ሁሉ ጎዳና ተጉዞ ሲደርስ ጣዕምን እንጂ ይህን መድኃኒት ይዞ አልመጣም። በኋለኛው ዘመን ከቀይ ባሕር ዳር ከአሰብ የሚመጣው ጨው አዮዲን እየተጨመረበት መሸጥ ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ያ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱም ጨው በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ ውኃ እየደረቀ የሚወጣው ሆነ፤ ይህም አዮዲን ሳይገባበት በየገበያው ተበተነ። ጦርነት የሚገድለው በጥይት ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ በቴፒ ወይም በማሻ የተፀነሰ ሕፃን ከባድመ ምን ያህል ይርቃል? ዋጋውን ግን ከፍሏል።

በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጠና በ89ኙ ተገኘ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በማናቸውም ሥራ ቢታይ ከበሮ የሚያስመታ ነው፤ ይህ ግን ድምፅ ሳያሰማ አለፈ፤ ምናልባት ጨው ስለ ሆነ ይሆናል። ሆኖም አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚመረምረው በጨው ውስጥ አዮዲን አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው፤ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በፋብሪካ ወይም በሐይቁ ዳር ሲረጭ እኩል ያልደረሰው ከረጢት አለ፤ ደርሶትም በመንገድ ላይ ፀሐይና ዝናም ያጠፋበት አለ።

ወደ ልቡናው ነገር ስንመለስ፥ ማስረጃው ከሩቅ አገር ብቻ የመጣ አይደለም። ይህ ጨው ወደ ሁሉም ስፍራ ሳይደርስ በነበረበት ጊዜ ሊቃውንት በአማራ ክልል 60 ወረዳዎችን መርጠው፥ በዕጣ ለእኩሌቶቹ ቀድሞ እንዲደርሳቸው አደረጉ፤ ለቀሩትም የተለመደው ገበያ በጊዜው ያደርስላቸው ዘንድ ተተወ። ከዚህ በኋላ የሕፃናቱን ማስተዋልና ቋንቋ፥ ለትምህርትም መዘጋጀታቸውን ፈተኑ። ጨው ቀድሞ የደረሳቸው ሕፃናት በልጠው ተገኙ። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ሌላው ክፍል ደግሞ ለካህናትም ለባለትዳሮችም ሊነገር የሚገባ ነው፤ እናቶቻቸው ከመፀነሳቸው በፊት አዮዲን ያለበትን ጨው መብላት የጀመሩት ሕፃናት፥ እናቶቻቸው ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ በማስተዋል የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያልና። እንግዲህ የተማሪው ትምህርት የሚጀምረው ፊደል በቆጠረበት ቀን አይደለም፤ እናቱ ገና ልጃገረድ ሆና በቡና ተክል ውስጥ ቅርጫት አንግታ በምትለቅምበት ጊዜ ነው።

ይህን ከሰማ በኋላ ሰው ሁሉ ለልጁ የቪታሚን ክኒን ሊገዛ ይሮጥ ይሆናል፤ በከተማ ያለውማ ጀምሯል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በብሪታንያ በዌልስ ሁለት ሊቃውንት በ12 እና በ13 ዓመት ዕድሜ ያሉ 90 ተማሪዎችን ይዘው፥ ለአንዳንዶቹ የቪታሚንና የማዕድን ክኒን ስምንት ወር ያህል ሰጥተው፥ ክኒኑን የዋጡት በቃል ሳይሆን በሥዕልና በቅርጽ በሚደረገው የማስተዋል ፈተና መሻሻላቸውን ጻፉ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ወላጆች የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ ባዶ አደረጉት ይባላል። ሌሎች ሊቃውንት ግን ያንኑ ፈተና ደግመው ሲያዩት ያንን ፍሬ አላገኙም፤ ክርክሩም ብዙ ዓመት ቆየ። ከክርክሩ የተረፈው ነገር ይህ ነው፤ ክኒን የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሞላውን አያትረፈርፍም። ብርሃን የሌለውን ፋኖስ ጋዝ ያበራዋል፤ የሞላ ፋኖስ ላይ ጋዝ የሚጨምር ግን ጠረጴዛውን ያበላሻል። ደግሞም ልጅ የሚሰንፍበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መጽሐፍ የለውም፤ የሚማርበት ቋንቋ እናቱ የምትናገረው አይደለም፤ ሌሊቱን በወባ ሲንቀጠቀጥ አድሯል። ስለዚህ የሰነፈውን ተማሪ ሁሉ በጨው እናድናለን ማለት ሌላ አብሾ መሸጥ ነው።

ከአዮዲን ቀጥሎ በቴፒ አገር ሊታሰብ የሚገባው ብረት ነው። ብረት የጎደለው ልጅ ደሙ ይቀንሳል፤ ደሙ የቀነሰ ልጅ ደግሞ ይደክመዋል፥ ያንቀላፋል፥ የሰማውን ይዞ ለመቆየት ትኩረት ያንሰዋል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 57ቱ የደም ማነስ እንዳለባቸው ታይቷል። በሞቃቱና በእርጥቡ አገር ወባ ደምን ያጠፋል፤ በእርጥቡ አፈር በባዶ እግር የሚሄደውን ደግሞ መንጠቆ ትል በእግሩ ቆዳ ገብቶ፥ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጠዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጫማ መግዛት መጽሐፍ ከመግዛት አይለይም። በማታ የማያይ፥ ዳፍንት ያለበት ልጅ ደግሞ ቪታሚን «ኤ» የጎደለው ነው፤ ፓፓያውና ማንጎው፥ ጎመኑም በጓሮ ሳለ እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል።

ስለ ቡናም መናገር ግድ ነው፤ ምንም እንኳ በቡና አገር ቡናን መንቀስ ደፋርነት ቢመስልም። በቤንችና በሸኮ፥ በማጃንግም ዘንድ የቡናው ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋራ ፈልቶ ይጠጣል፤ በከተማው ቤት ደግሞ ፍሬው ተቈልቶ ሲቀርብ ሕፃኑ ከእናቱ ስኒ ይቀምሳል፤ ቁርሱንም በቡና አማግቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ከሥጋ ምግብ ጋራ የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሥጋችን ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ከመቶ በ39 ቀነሰው፤ ምግቡን በልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ያው ሆነ፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ግን ምንም አልጎዳም። ስለዚህ ነገሩ ቡናን መክሰስ አይደለም፤ ሰዓቱን መለወጥ ነው። ከምግቡ ጋራ ሕፃኑ ብርቱካን ወይም ፓፓያ ቢበላበት ደግሞ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቪታሚን «ሲ» የእህሉን ብረት ሥጋ እንዲቀበለው ያግዘዋል። በሚዛንና በቴፒ መንገድ ዳር ማንጎ በክምር ተሸጦ ከዚያም የበሰበሰው ሲጣል ያየ ሰው፥ በዚያው ሰፈር ደሙ ያነሰ ተማሪ መኖሩን ሲሰማ ምን ይላል?

በካህናት ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ የጾም ነው። አንዳንዱ ምእመን ሐኪም ስለ ምግብ በተናገረ ቍጥር ጾሙን ሊያስፈታኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። የአዮዲን ነገር ግን ከዚህ ሙግት ውጭ ነው። በጨው ላይ የሚረጨው ማዕድን ነው፤ ከሥጋ ከወተት ከዕንቍላል የተገኘ አይደለም፤ በሰሞነ ሕማማት እንኳ ጨው ከእንጀራና ከውኃ ጋራ የተፈቀደ ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም እንደማይያዝበትም የታወቀ ሲሆን፥ በአንዳንድ ቤት ግን ለሕፃኑ ለብቻው ማብሰል ስለሚያስቸግር፥ ድስቱም እንዳይነካካ ስለሚፈራ፥ ሕፃኑ ሳይታዘዝ ይጾማል። የንስሐ አባት ለክርስትና በሄደበት ቤት፥ ለጠበልም በተቀመጠበት፥ ሁለት ነገር ብቻ ቢጠይቅ፥ ይኸውም ለሕፃኑ የተለየ ድስት አለ ወይ፥ የምትበሉት ጨው የታሸገ ነው ወይ ብሎ፥ ሐኪም የማይደርስበትን ቦታ ይደርስበታል። ጨው በወንጌል ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ለእርሱ መንገር አያሻም። አልጫ ስለ ሆነ ጨው ብዙ ጊዜ ተሰብኳል፤ የዘመኑ አልጫ ጨው ግን ጣዕሙ ሙሉ ሆኖ አዮዲኑ የጠፋበት ነው፤ ምላስም አያውቀውም።

በቴፒ ገበያ የሆነውን ማየት ይበቃል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ አየሩም ከክረምት ውጭ እንኳ እርጥብ ነው። ነጋዴው ማዳበሪያውን ፈትቶ ጨውን በሸራ ላይ ይከምረዋል፤ በጣሳ እየሰፈረ ይሸጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ፀሐይ ይመታዋል፥ ካፊያ ሲመጣ ላስቲክ ይደርብበታል። እርጥበቱ የሳበው ጨው ውኃ ሲያወጣ አዮዲኑ ከውኃው ጋራ ይወርዳል። ባልቴቲቱም ስትገዛ «ልጄ፥ ይሄኛው ቆሽሿል፤ ያንን ነጩን ስፈርልኝ» ትላለች፤ እርሱም «እማማ፥ ሁሉም አንድ ነው፤ ቤት ሲገቡ እጠብ ያደርጉታል» ይላታል። እርስዋም ቤትዋ ገብታ ታጥበዋለች። ከአፍዴራ እስከ ቴፒ የመጣው መድኃኒት በዚያች ሳሕን ውስጥ፥ ከበር በመለስ፥ ይፈስሳል። ሁለቱም ያልበደሉ ሰዎች ናቸው፤ የነገራቸው የለም።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ቁርስና ምሳ ማብላት ተጀምሯል፤ በብዙ ሌላ ስፍራም ታስቦበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ታሽጎ የመጣውን ጨው ከነሽፋኑ መሸጥ ግን የሚጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ለነጋዴው፥ ማዳበሪያውን ከመሬት ላይ ሳይሆን ከቆጥ ላይ፥ ከፀሐይና ከጠብታ አርቆ ማኖር ነው። ለማድ ቤቲቱ፥ ጨውን አለማጠብ፥ በምድጃው አጠገብ ክፍቱን አለመተው፥ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ወጡ ሲፈላ አብሮ የፈላ ጨው ከአዮዲኑ ስለሚያጎድል፥ ጎመኑ ወይም ሽሮው ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨው ይጨመርበት፤ ጎደሬውም በስሎ ከተላጠ በኋላ በማባያው ውስጥ ይጨመርለት።